ወወክማ የማን ነው?

ከሳሪስ ቁልቁል ወርዶ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ የሚያልፍ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ጋራዥና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። የከተማው ደቡብ ጫፍ ይህን መልክ የያዘው ዝም ብሎ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ አድርጎ ነው የመጣው። ሐዲዱም፣ ወንዙም፣ ሜዳውም ለፋብሪካ የተመቹ ነበሩና ጨርቃ ጨርቁ፣ ዱቄቱ፣ ብረታ ብረቱ እየተከታተለ እዚያው ሰፈረ። ፋብሪካ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ስንቱ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን የቆጠረው እዚህ ነው። ዛሬም ግንባታው እስከ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ሲዘረጋ ያው ጉዞ ቀጥሏል።

ስለ ሥራው ብዙ ይወራል። ከሥራ በኋላ ስላለው ሰዓት ግን ማንም አያወራም። ሦስት አራት ሆነው በደባልነት የተከራዩት ክፍል ለማደር እንጂ ለመዋል አይሆንም። ወጣቱ ከሺፍት ሲወጣ የሚጠብቁት ከረንቡላውና ጆተኒው፣ ጫት ቤቱ፣ ግሮሰሪው፣ ቤቲንጉ ናቸው። የሁሉም በር ክፍት ነው፤ ሁሉም ግን ኪስ ያያል። ሳይከፍሉ የሚገባበት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ጸሎት ቤት ነው። መንግሥት የሠራው የወጣቶች ማዕከል በቅርብ ያለለት ደግሞ እዚያ ይሄዳል።

በዓለም ላይ አንጋፋ ከሚባሉት የወጣት ማኅበራት አንዱ የተወለደው በእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች መካከል ነው። በውጭ አገር ዋይ ኤም ሲ ኤ ይሉታል፤ እኛ ዘንድ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ባጭሩ ወወክማ ነው። ስሙን ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ የኳስ ሜዳ ነው ይላል፣ ሌላው የፈረንጅ ሚሲዮን፣ ሌላው የዕርዳታ ድርጅት። በዳንስ ቤት ያደገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚሁ ስም የወጣው የዲስኮ ዘፈን ትዝ ይለዋል። ሁሉም ከአንድ ጎኑ ነክተውታል፣ ዋናውን ግን ስተውታል። ወወክማ አባላቱ ራሳቸው የሚያዙበት ማኅበር ነው። ዓለም አቀፉ ድርጅትም የተፈጠረው በየከተማው በየራሳቸው የተመሠረቱ ማኅበራት ሲተባበሩ ነው። ከላይ ሆኖ ቅርንጫፍ እየከፈተ የወረደ ኃይል አልነበረም። የቀረው ታሪክ፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ጆርጅ ዊሊያምስ የገበሬ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ተወለደ። ቤተሰቡ ለእርሻ እንደማይሆን ሲያይ ሙያ እንዲማር ከጨርቅ ነጋዴ ዘንድ አስገባው። በ1841 ለንደን ገብቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ በነበረ ሂችኮክና ሮጀርስ በሚባል ትልቅ የጨርቅ መደብር ተቀጠረ። የዚያ ዘመን የመደብር ሠራተኛ የሚሠራውም፣ የሚበላውም፣ የሚተኛውም በአሠሪው ቤት ነው። በዚያ መደብር 140 ያህል ወጣቶች ነበሩ፤ ቀን ሲሸጡ ውለው ማታ ከመሸጫው በላይ ባሉት ክፍሎች ተጠጋግተው ያድራሉ። የሥራው ቀን 14 ሰዓት የሚደርስበት ጊዜ ነበር። መደብሩ ሲዘጋ ለድካምም ለብቸኝነትም ቅርብ የሆነው መጠጥ ቤት ነው፤ ከዚያም የባሰ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1844 የ22 ዓመቱ ዊሊያምስና 11 ጓደኞቹ በዚያው መደብር ካሉት ክፍሎች በአንዱ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። የጀመሩት በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የተሰብሳቢዎቹ ስብጥር ነው፤ አንግሊካን፣ ኮንግረጌሽናል፣ ባፕቲስትና ሜቶዲስት ነበሩ። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች በዚያ ዘመን በአንድ ክፍል ተቀምጠው አብረው መጸለያቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ማኅበሩ ከመጀመሪያው የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ክፍል እንዳልሆነ ያሳየው ይህ ነው፤ ካህን አልመራውም፣ ጳጳስ አልባረከውም፣ የመሠረቱት ደመወዝተኞች ናቸው።

ብዙ ሳይቆይ ንባብ ቤት፣ የማታ ትምህርትና ሕዝባዊ ንግግር ተጨመረ። የመደብሩ ባለቤት ጆርጅ ሂችኮክም ደገፋቸው። ሱቆች በጊዜ ይዘጉ የሚል እንቅስቃሴ በከተማው ሲነሣ እሱም ዊሊያምስም ከደጋፊዎቹ ነበሩ። ይህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከጸሎቱ ስብሰባ እኩል ክብደት እሰጠዋለሁ። ትርፍ ሰዓት የሌለው ሠራተኛ ማኅበርተኛ ሊሆን አይችልም። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኖታል። ወረቀቱ ላይ ከለንደኑ ሠራተኛ የተሻልን ነን። ኦቨርታይሙና የታክሲ ሰልፉ ሲደመሩበት ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ዊሊያምስ በኋላ የሂችኮክን ልጅ አገባ፣ የመደብሩ ሸሪክ ሆነ፣ በ1894 ከንግሥት ቪክቶሪያ የሰር ማዕረግ ተቀበለ፣ በ1905 አረፈ። ማኅበሩ ግን ከእሱ ቀድሞ ባሕር ተሻግሯል። በ1851 ቦስተንና ሞንትሪያል ደረሰ። በ1855 በፓሪስ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ 99 ወጣት ልዑካን ተሰብስበው የዓለም ኅብረቱን መሠረቱ። የጋራ መግለጫቸው የፓሪስ መሠረት በመባል ይታወቃል፤ ዛሬም የኅብረቱ መነሻ ሰነድ እሱ ነው። መሪ ሐሳቡን የወሰደው ኢየሱስ ስለ ተከታዮቹ አንድነት ከጸለየው፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ካለው ጸሎት ነው።

ከፓሪሱ ስብሰባ በስተጀርባ አንሪ ዱናን የሚባል የጄኔቫ ወጣት ነበር። በ1852 የጄኔቫውን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ የየአገሩ ማኅበራት በደብዳቤ እንዲተዋወቁና እንዲገናኙ ሲወተውት የኖረውም እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሶልፌሪኖ ጦር ሜዳ ያየው የቁስለኞች ሥቃይ ሌላ ሐሳብ አመጣበትና ቀይ መስቀል ተወለደ፤ በ1901 የመጀመሪያውን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሁለቱ ድርጅቶች ወንድማማች የሚመስሉት በከንቱ አይደለም። በሁለቱም የየአገሩ ማኅበር ለራሱ ይቆማል፣ ጄኔቫ ደግሞ ያገናኛል።

አሠራሩን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። የሰፈሩ እድር የአባላቱ ነው። ወርሃዊ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣል፣ ዕቃውን ማን እንደሚይዝ ጉባኤው ይወስናል። እድሮች ተባብረው ኅብረት ቢፈጥሩ ኅብረቱ የአንዱን እድር ድንኳን ወስዶ ለሌላው አይሰጥም። ወወክማም እንዲሁ ነው። ከታች የአካባቢው ማኅበር አለ፤ አባላት፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ቦርድና ዕለታዊውን ሥራ የሚመራ ደመወዝተኛ ዋና ጸሐፊ አለው። የአካባቢዎቹ ማኅበራት በአገር ደረጃ ብሔራዊ ማኅበር ያቆማሉ። ብሔራዊዎቹ በአህጉር ይገናኛሉ፤ የአፍሪካው ኅብረት መቀመጫው ናይሮቢ ነው። ከሁሉም በላይ ያለው ዓለም አቀፉ ኅብረት ከ1878 ጀምሮ ጄኔቫ ተቀምጧል። ጄኔቫ ያሉት ስብሰባ ይጠራሉ፣ የጋራ አቅጣጫ ያስጸድቃሉ፣ አዲስ አገር በአባልነት እንዲገባ ያዘጋጃሉ። መዋጮ የሚሄደው ከታች ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ገንዘብ ከጄኔቫ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ይከፋዋል።

ኅብረቱ ራሱ እንደሚለው ዛሬ በ120 ያህል አገሮች ወደ 65 ሚሊዮን ሰዎች ጋ ይደርሳል። ቁጥሩ ሰፊ ነው፤ ግን አባል፣ ደንበኛና ተረጂ አንድ ላይ ተቆጥረውበታል። በአሜሪካ ለጂም የሚከፍለው ሰው፣ በእንግሊዝ መጠለያ ያገኘው ቤት የለሽ ወጣት፣ በምዕራብ አፍሪካ ብየዳ የሚማረው ልጅ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ ስም ይዘው ይህን ያህል መለያየታቸው የአደረጃጀቱ ውጤት ነው።

የአካባቢ ነጻነት ሁልጊዜ የሚመሰገን ነገር አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ዩ ስትሪትን ያውቁታል፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ በ12ኛው ጎዳና ላይ በ1912 የተሠራ አንድ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። አርክቴክቱ ሲድኒ ፒትማን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሕንፃው የተሠራው ለጥቁር አሜሪካውያን ወወክማ ነበር። ማኅበሩን በ1853 የመሠረተው በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን ያገኘው አንቶኒ ቦወን ነው፤ ለጥቁሮች የተቋቋመ የመጀመሪያው ወወክማ መሆኑ ነው። ለምን ለየብቻ አስፈለገ? የነጮቹ ማኅበር አያስገባቸውማ። በብሔራዊ ደረጃ ዘርን መሠረት ያደረገው መለያየት እንዲቀር የተወሰነው በ1946 ነው፤ ብዙ የከተማ ማኅበራት ከዚያም በኋላ ለዓመታት አንገራገሩ። በላይ ያለው አካል ማስገደድ አይችልም፣ ታች ያለው ደግሞ አልፈልግም ይላል። ስለ ወንድማማችነት ይህን ያህል የሚናገረው የአሜሪካው ማኅበር በራሱ ቤት ይህን የወሰነው መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

ሆኖም ያው ነጻነት ለተገፉትም በር ከፍቷል። በቺካጎ ዋባሽ ጎዳና የነበረው የጥቁሮች ወወክማ ከደቡብ እየፈለሱ ለሚመጡ ሠራተኞች አልጋና ሥራ ፍለጋ ያግዝ ነበር፤ የታሪክ ሊቁ ካርተር ዉድሰን በ1915 የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚያጠናውን ማኅበር የመሠረተውም እዚያው አርፎ ሳለ ነው።

ወደ ኳሱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ወወክማን የሚያውቀው በዚህ ነውና። በ1891 ክረምት በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ በነበረው የማኅበሩ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል አስተማሪ በብርድ ምክንያት አዳራሽ ውስጥ ተዘግተው የተሰላቹ 18 ተማሪዎች ነበሩት። ሁለት የኮክ ቅርጫት ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ 13 ደንብ ጻፈ፣ ቅርጫት ኳስ ተጀመረ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው አካባቢ ሆልዮክ በምትባል ከተማ ዊሊያም ሞርጋን፣ እሱም የወወክማ የስፖርት ኃላፊ፣ ግፊያ የሌለበት ለጎልማሳም የሚሆን ጨዋታ ሲፈልግ መረብ ኳስን አመጣ። በ1930 ደግሞ በኡራጓይ ሞንቴቪዴዮ ወወክማ የአዳራሽ እግር ኳስ፣ የዛሬው ፉትሳል፣ ጅማሬውን አገኘ። ሦስቱም ጨዋታዎች ከአንድ ችግር የወጡ ናቸው፤ ብዙ ወጣት፣ ጠባብ ቦታ፣ ትንሽ ገንዘብ። የማኅበሩ አርማ የሆነው ሦስት ማዕዘን የመጣው ከዚሁ የስፕሪንግፊልድ ትምህርት ቤት ነው። ሦስቱ ጎኖቹ አካል፣ አእምሮና መንፈስ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ማሠልጠን ሰውን ጎዶሎ ያደርጋል የሚል እምነት ነው።

ከኳሱ ይልቅ ለፋብሪካ ሰፈር የሚጠቅመው ግን የማታ ትምህርቱ ታሪክ ይመስለኛል። የቦስተኑ ማኅበር በ1898 ቀን ለሚሠሩ ወጣቶች ያደራጀው የማታ ተቋም አድጎ ዛሬ ኖርዝ ኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የሞንትሪያሉም የማታ ክፍል እንዲሁ በጆርጅ ዊሊያምስ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃና በ1974 ከሌላ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ኮንኮርዲያ ተባለ። ሁለቱም የተጀመሩት ቀኑን በሥራ ላይ ውለው ማታ ደብተር ለሚይዙ ሰዎች ነው።

ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም በአንድ ሰፈር በሚኖርበት አገር ግን ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ክርስቲያናዊ የሚለው ስም ማንን ያስገባል፣ ማንን ያስወጣል? የፓሪሱ ሰነድ ክርስቶስን አምላክና አዳኝ ብለው የሚቀበሉ ወጣቶችን ስለማስተባበር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1869 የአሜሪካ ማኅበራት ድምፅ የመስጠት ሙሉ መብት ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት ብቻ እንዲሆን ወስነው ነበር፤ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ገብቶ ቢጫወት፣ ቢማር እንጂ አይመርጥም ማለት ነው። ዘመኑ እየራቀ ሲሄድ በሩ ሰፋ። በ1973 ዓለም አቀፉ ጉባኤ በካምፓላ ተሰብስቦ የፓሪሱን መሠረት አጽንቶ፣ በላዩ ላይ ስለ እኩል ዕድልና ፍትሕ፣ በልዩ ልዩ ሰዎች መካከል ስለሚኖር መግባባት የሚናገሩ መርሖችን ጨመረ። ዛሬ በግብፅ፣ በፍልስጤም፣ በባንግላዴሽ ሙስሊም ወጣቶች በማኅበሩ ሥራዎች ይሳተፋሉ። ወጣት ወንዶች የሚለውም ቢሆን ስም ሆኖ ቀረ እንጂ በአብዛኛው አገር ሴቶች አባልም መሪም ናቸው። የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ወሴክማ፣ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። እሱም በለንደን በ1855 የተጀመረ፣ በ1894 የራሱን የዓለም ኅብረት ያቋቋመ፣ ከወወክማ ሥር ያልሆነ የሴቶች ድርጅት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ለብቻው ይሠራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ወወክማ የተተከለው ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣን በኋላ ነው። የአሜሪካው ማኅበር ሰው ልኮ አገዘ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ የበላይ ጠባቂ ሆኑ። ማዕከሉ አራት ኪሎ ነበር። ለቅርጫት ኳስ፣ ለመረብ ኳስ፣ ለጠረጴዛ ቴኒስ ፍቅር የያዘው የዚያ ዘመን ልጅ መንገዱ ወደዚያ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ቅርብ ነው። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልሰንዝር። ለንደን ላይ ማኅበሩ የተፈጠረው በሠራተኞች እጅ፣ ሠራተኞች በሚያድሩበት ቤት ነው። እኛ አገር የተተከለው በተማሪ ሰፈር፣ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። ለተማሪው መልካም ነበር። የአቃቂ ሠራተኛ ግን ከአራት ኪሎ ሩቅ ነው። እሱ የተደራጀው በሌላ መንገድ፣ በሠራተኛ ማኅበር ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ ሕግ ወጥቶ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ከተመሠረተ ወዲህ ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ስለ ደመወዝና ስለ ሰዓት ይደራደራል፤ ከሺፍት በኋላ ያለውን ምሽት የሚሞላው ግን ሌላ ነገር መሆን ነበረበት።

አብዮቱ ሲመጣ በንጉሥ ጠባቂነት፣ በአሜሪካ ዕርዳታና በክርስቲያን ስም የቆመ የወጣት ማኅበር ዕድሜ እንደማይኖረው ግልጽ ነበር። ደርግ ዘጋው። ወጣቱ መጀመሪያ በቀበሌ፣ በኋላም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በተቋቋመው በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ በአኢወማ፣ ሥር እንዲደራጅ ተደረገ። የአራት ኪሎው ግቢ የመንግሥት የወጣቶችና የስፖርት ማሠልጠኛ ሆነ፤ በዕድሜ የገፋው ሰው ግን እስካሁን በድሮ ስሙ ይጠራዋል። የአኢወማና የወወክማ ልዩነት ከርዕዮተ ዓለምም ያለፈ ነው። አንዱ አባልነትን ከላይ ያድላል፣ ሌላው አባላት ሲኖሩት ብቻ ይኖራል። በግድ የተሰበሰበ ትውልድ በኋላ በፈቃዱ ማኅበር ለመግባት ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተቋቋመ፤ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ይሠራል። የሚሠራበት ሕግ ግን ሁለት ጊዜ ተገልብጧል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፤ አስተዳደራዊ የተባለውንም ወጪ በ30 በመቶ ገደበ። ለወጣት ማኅበር ይህ ከባድ ነው፤ ሥልጠና የሚሰጠው አሠልጣኝ ደመወዝ ራሱ አስተዳደራዊ ተብሎ ሊቆጠር ይችል ነበርና። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህ ተሻረ። አዲሱ ሕግ አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል፤ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ትርፉ ለአባላት እስካልተከፋፈለና ለዓላማው እስከዋለ ድረስ ማኅበሩ የገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራትም ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያመዝን ነው። በዓለም ላይ በእግራቸው የቆሙት ወወክማዎች የሚኖሩት ከአልጋ ኪራይ፣ ከጂም ክፍያ፣ ከትምህርት ክፍያና ከአባልነት መዋጮ ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የሚኖር ማኅበር ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮውን ይቆልፋል። ቃሊቲና አቃቂ ውስጥ ስንት ሥልጠና ተጀምሮ፣ ሰርተፍኬት ታድሎ፣ ባነሩ ተጠቅልሎ እንደቀረ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ስለዚህ አንድ ማኅበር መጥቶ ወጣቱን ሲመዘግብ መጠየቅ ያለበት ስለ ሥልጠናው ርዕስ ብቻ አይደለም። የተመዘገበው ልጅ አባል ነው ወይስ ተጠቃሚ? ጉባኤ የሚጠራው መቼ ነው፣ ሒሳቡ የሚነበበውስ ለማን ነው? ከዚህ ሰፈር ቦርዱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለ?

ዓለም አቀፉ ኅብረት በአሁኑ ጊዜ የሚመራበት ዕቅድ ራዕይ 2030 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዴንማርክ ኦርሁስ በተደረገው ጉባኤ የጸደቀ ነው። አራት ምሰሶ አለው፤ የማኅበረሰብ ደኅንነት፣ ትርጉም ያለው ሥራ፣ የምድር ጥበቃና ፍትሐዊ ዓለም። በ2019 የዋና ጸሐፊነቱን ሥራ የተረከቡት ካርሎስ ሳንቬ የቶጎ ሰው ናቸው፤ ለዚያ ወንበር የመጀመሪያው አፍሪካዊ። እንዲህ ያለው ሰነድ ሰፋ ባለ ቋንቋ መጻፉ አይቀርም፤ ምሰሶዎቹን በአቃቂ ቋንቋ መተርጎም ግን ከባድ አይደለም። ትርጉም ያለው ሥራ ማለት የማሽን ኦፕሬተሩ ማታ ኤሌክትሪክ ወይም ሒሳብ አያያዝ ተምሮ ከተራ ጉልበት ሥራ አንድ ደረጃ የሚወጣበት ክፍል ነው። የምድር ጥበቃ ማለት ከከተማው ሁሉ ቆሻሻ ተሸክሞ በመንደሩ የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ እሱን ማጽዳት ለአንድ የወጣት ማኅበር ብቻ የሚተው ጉዳይ ባይሆንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይቅደም ብትሉኝ ሜዳ አልልም፤ አልጋ ነው የምለው። ከገጠር በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ደላላ እጅ የሚወድቀው ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ለአንድ ወር በመጠነኛ ክፍያ ንጹሕ አልጋ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ቀጣሪዎቹን የሚያውቅ አንድ አማካሪ ቢያገኝ የሚመጣበት ለውጥ ብዙ ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ወወክማዎች ከመቶ ዓመት በላይ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ የአልጋው ኪራይ ደግሞ ሌላውን ሥራ ደጉሟል። ለሴቶቹ ወሴክማ በየአገሩ ያው ልምድ አለው። በአቃቂ ደረጃ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ተደራራቢ አልጋ የሚያስገቡ ጥቂት ክፍሎች፣ ውኃ የማይቋረጥበት መታጠቢያና የማታ ጥበቃ ይበቃል። ከፋብሪካዎቹ አንዱ ባዶ መጋዘኑን ቢሰጥ ወጪው ይቀላል፤ ለቀጣሪውም ቢሆን ያደረበትን የሚያውቀው፣ እንቅልፍ የጠገበ ሠራተኛ ነው የሚመጣለት።

የለንደኑ ማኅበር በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ1845፣ ደመወዝ ከፍሎ የቀጠረው አንድ የሙሉ ጊዜ ጸሐፊ ነበር፤ ታርልተን ይባላል። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ የራሴ የሚለው ሕንፃ ገና አልነበረውም።